የአሮጌ ፒክአፕ ካሶኒ ወደ ተሳቢ ሲለወጥ፦ ከመቁረጥ እስከ መንገድ

ጎረቤቴ የፎርድ ሬንጀር ፒክአፑ ሞተር ከተሰናበተው በኋላ መኪናውን ከአጥር ሥር አቁሞ ሁለት ክረምት ሙሉ በረዶ ሲያለብሰው ኖረ። የፊቱ ግማሽ በዝገት ተበልቷል። የኋላው ግን፣ ካሶኒው፣ ባሌስትራውና ጎማዎቹ፣ ነገ ሥራ ግቡ ቢባሉ የሚገቡ ነበሩ። በቁራጭ ብረት ዋጋ ገዛሁትና ከምንኖርበት ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ወደ ሮኪ ተራሮች የምንጎትተው የካምፕ ተሳቢ አደረግሁት። ካምፕ በማንወጣባቸው ሳምንታት ደግሞ የዕድራችንን ወንበርና ድንኳን ያመላልሳል።

በአሜሪካ ገጠር ፒክአፕ ሲያረጅ ኋላውን ቆርጦ ተሳቢ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። በየእርሻው በር ላይ የአንዱ ዘመን ፎርድ ወይም ሸቭሮሌ ግማሽ አካል እንጨት ተሸክሞ ቆሞ ያዩታል። ታዲያ ብዙዎቹ እርሻ ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀሱት በምክንያት ነው። ካሶኒ ሲያዩት የተዘጋጀ ተሳቢ ይመስላል፤ ወለል አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ከሥሩ ጎማ አለው። ነገር ግን የተሠራው ከፊቱ ሞተር እንደሚኖር ታስቦ ነው። ፊቱ ሲቆረጥ ሚዛኑም አብሮ ይቆረጣል። ብየዳውን የሚያውቅ ሰው በገንዘብ ይገኛል፤ አልጋውን ማንም አናጺ ይሠራዋል። የእርስዎ ዋና ሥራ የጠፋውን ሚዛን መመለስ ነው። ከዚህ በታች በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ይህንኑ እየደጋገምሁ ብነዘንዝዎት አይታዘቡኝ።

የሚቆረጠውን መምረጥ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመኪናውን የራሱን የኋላ ሻንሲ፣ አክስልና ባሌስትራ እንዳለ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ካሶኒውን ብቻ አንሥቶ በአዲስ በተበየደ ሻንሲና ለተሳቢ ተብሎ በተሠራ አክስል ላይ መጫን ነው። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነና ተሳቢው ከነጭነቱ ከ3,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,360 ኪሎ ግራም በታች እንዲሆን ካሰቡ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ከዚያ በላይ ከባድ ነገር ለመጫን ካሰቡ ግን በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ባለ 3,500 ፓውንድ አክስል ይግዙ። የድሮውን የፒክአፕ ፍሬን ከሚጎትተው መኪና ጋር ለማስማማት የሚባክነው ጊዜ አዲሱን አክስል ያስመኛል።

ከመግዛትዎ በፊት መዶሻ ይዘው ከመኪናው ሥር ይግቡ። ሻንሲውን ከካቢኑ ጀርባ ጀምሮ እስከ ጫፉ ያንኳኩት። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ በውስጡ የተበላው ደግሞ እርጥብ እንጨት እንደመታ ሰው ድፍን ድምፅ ያሰማል። በተለይ ባሌስትራው ሻንሲውን የሚይዝባቸውን ቦታዎች አጥብቀው ይዩ። በረዶ በሚጥልበት አገር መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው መጀመሪያ የሚያጠቃው እዚያ ነው። ዝገቱ በመዶሻ ጫፍ እየተፈረፈረ ከወደቀ ሻንሲውን ይተዉት፤ ካሶኒውን ብቻ ይውሰዱ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጎማ ቡሎን አደራደር ነው። በአሜሪካ እስከ ፈረንጆቹ 2011 የተሸጠው ሬንጀር አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አለው፤ በአራቱም ጎማ የሚነዱ የቶዮታ አሮጌ ፒክአፖች ስድስት ቡሎን በ139.7 ሚሊ ሜትር ላይ ነው ያላቸው። ተሳቢው ከሚጎትተው መኪና ጋር አንድ ዓይነት ቸርኬ ቢጋራ አንድ መለዋወጫ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ውስጥ ጎማ ሲተነፍስ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያውቀው የደረሰበት ሰው ነው። አምስቱም ቡሎን ቢገጥም እንኳ የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ ከአክስሉ እምብርት ጋር መስማማቱን ገጥመው ያረጋግጡ።

ወረቀቱ

መቁረጫውን ከማንሣትዎ በፊት ወደ ተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ ይሂዱ። የመኪናውን የባለቤትነት ደብተር በእጅዎ ያድርጉ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች እንዲህ ያለውን ተሳቢ በቤት እንደተሠራ ቆጥረው አዲስ መለያ ቁጥር ይሰጡታል፤ ከዚያ በፊት መርማሪ አይቶት ቁጥሮቹን ያመሳክራል። ስለዚህ በሻንሲው ላይ የተቀረጸ ቁጥር ካለ በግራይንደር አይንኩት፣ ቀለምም አይቀቡበት። የብረት፣ የመብራትና የማያያዣ ደረሰኞችን ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ በመካከልና በመጨረሻ ፎቶ ያንሡ። በኮሎራዶ ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ያለ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ ሌላ ቦታ ቁጥሩ ሊለይ ይችላልና የሚኖሩበትን ይጠይቁ።

መፍታት

ከሁሉ በፊት ነዳጁ። ታንኩን አውርደው ከሥራ ቦታው ያርቁት፤ ቱቦዎቹንም እስከ መጨረሻው ያውጡ። ባዶ ታንክ ከሞላ ታንክ የባሰ አደገኛ ነው፤ በውስጡ የቀረው ጋዝ በአንድ የግራይንደር ፍንጣሪ ይፈነዳል። «ከዓመት በፊት የደረቀ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ አመስግነውት እንደ ሞላ ታንክ ይያዙት።

ቀጥሎ ካሶኒው ይነሣል። ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ከስድስት እስከ ስምንት ቡሎኖች ናቸው። ከዋዜማው ጀምረው ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያርከፍክፉባቸው። ያልላቀቀውን ሙቀት ያላቅቀዋል፤ ሙቀትም ያልረታው ይቆረጣል። የነዳጅ መሙያውን አንገትና የመብራቱን ገመድ ይፍቱ፤ የመብራቱን ገመድ አይቁረጡት፣ ኋላ ይፈልጉታል። አራት ሰው አራቱን ማዕዘን ይዞ ያነሣዋል። እኛ በዕለተ ሰንበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አነሣነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ነጭ ለብሰው ነበር፤ ያንን ስሕተት እርስዎ አይድገሙት።

ከዚያ ማርሚታውንና ኃይል ወደ ኋላ የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ ያውጡ። ዘንጉ ሲወጣ ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ፊት የሚታሰርበት ክብ ማያያዣ ግን በቦታው ይቅር፤ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ በእርሱ ላይ ነው የሚያርፈው። «ተሳቢ ማርሽ ምን ያደርግለታል? አውጥቼ ላቅልለው» የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል። በሬንጀር ላይ አያድርጉት። ጎማዎቹን የሚይዙት ሁለቱ ዘንጎች ከመሃል በትናንሽ ቁልፎች ነው የታሰሩት፤ ማርሹን ካወጡ ጎማው ከነዘንጉ ተንሸራቶ ይወጣል። የጎማው ኩሽኔታም የሚለሰልሰው በዚያው በዲፈረንሻሉ ዘይት ነው። እንዳለ ይተዉት፤ አሮጌውን ዘይት ደፍተው የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን አዲስ ይሙሉ።

መቁረጥ

መኪናው በተስተካከለ ሲሚንቶ ላይ ይቁም። ሻንሲው ከተቆረጠ በኋላ ሁለት እንስሳ ይሆናል፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይወድቃሉ። የኋላው ግማሽ በአክስሉ ላይ እንደ ሚዛን ሰሌዳ ይዞራል፤ የፊቱ ደግሞ የተቆረጠ ጫፉ መሬት ይመታል። ስለዚህ ከመቁረጫው መስመር በፊትም በኋላም ጠንካራ ቋሚ ይደግፉ። በክሪክ ብቻ የተደገፈ ብረት ሥር ማንም እጁን አያስገባ።

የት ይቆረጥ? ብዙ ሰው ካሶኒው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይቆርጣል፤ እኔም ልቆርጥ ጠመኔ ይዤ ነበር። ይልቅ ከካሶኒው ፊት ሁለት ጫማ ያህል ሻንሲ ያስቀሩ። ያ ትርፍ ብረት ሁለት ጥቅም አለው። የመጎተቻው ብረት የሚበየድበት ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ በላዩም የዕቃ ሣጥንና መለዋወጫ ጎማ ይቀመጣል። ሚዛኑን የሚመልሰው ደግሞ በዚያ የሚቀመጠው ክብደት ነው።

ሞፈሩ

ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘውን ረጅም ብረት ፈረንጆቹ ምላስ ይሉታል። እኔ ሞፈር እለዋለሁ፤ ሥራው ያው ነውና። ሞፈር አጭር ከሆነ በሬው እግሩን ይመታል፤ እዚህም እንደዚያው ነው። የካሶኒው ፊት ከኳሱ፣ ማለትም በሚጎትተው መኪና ኋላ ላይ ተሳቢው ከሚያያዝበት የብረት ኳስ፣ ቢያንስ አራት ጫማ ይራቅ፤ አምስት ቢሆን እመርጣለሁ። ያጠረ ሞፈር ወደ ኋላ ሲነዱ እንደ ድመት ጅራት ፈጥኖ ይገለበጣል፤ የካሶኒውም ጥግ የሚጎትተውን መኪና መከላከያ ይነክሳል። የሚጎትቱት ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር ባለው መኪና ከሆነ በሩን ከፍተው እስከ የት እንደሚመጣ ይለኩ። እኔ ለክቼ ነበር፤ የሣጥኑን ከፍታ ግን ረሳሁት።

ለዚህ ክብደት ሦስት ኢንች በሦስት ኢንች የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት ሩብ ኢንች፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ ለመሃል ይበቃል። ይህ ቱቦ ከሻንሲው ጫፍ ላይ ተለጥፎ የሚቀር አይደለም። በአግዳሚ ብረቶቹ ሥር አልፎ ወደ አክስሉ አቅራቢያ ይዝለቅ፤ ቢያንስ በሁለት አግዳሚዎች ላይ ይያዝ። ከዚያ ከሞፈሩ ግማሽ ተነሥተው ወደ ሁለቱ የሻንሲ ጎኖች የሚሄዱ ሁለት ሰያፍ ደጋፊዎች ይጨመሩ። ከላይ ሲያዩት የቀስት ቅርጽ ይሆናል።

ከመበየድዎ በፊት ከመላው ሥራ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ልኬት ይመጣል። ሞፈሩን በነጥብ ብየዳ ብቻ ያስይዙት። ሜትሩን ኳሱ ከሚያርፍበት ነጥብ ይዘው እስከ ግራው ጎማ መሃል ይለኩ፤ ቀጥሎ እስከ ቀኙ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። እኔ መጀመሪያ ስለካ ግራው 103 ኢንች፣ ቀኙ 103 ተኩል ሆነ። ግማሽ ኢንች ምን አላት ብዬ ልበይደው ነበር። አብሮኝ የነበረው በያጅ ምንም ሳይናገር ሜትሩን ነጠቀኝና ሞፈሩን በመዶሻ ጎን መታ መታ አድርጎ እኩል አደረገው። ግማሽ ኢንች ያጣመመችው ተሳቢ እንደ ክራብ ወደ ጎን እየሄደች ጎማ ትበላለች።

ስለ ብየዳው ሦስት ነገር። ብየዳ የማያውቁ ከሆነ ይህንን ክፍል በሚያውቅ ሰው ያሠሩ፤ ልምምድዎን በአጥር በር ላይ ያድርጉ። የሻንሲውን የላይኛና የታችኛ ጠርዝ አቋርጦ የሚሄድ ቀጥተኛ የብየዳ መስመር አይሥሩ፤ ብረቱ ኋላ የሚሰነጠቀው በዚያው ነው። በምትኩ ጎኑ ላይ ሦስት ማዕዘን ወፍራም ላሜራ ይደረብ። ሦስተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት ከበየዱ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዚንክ የተቀባውንም ሳይፍቁ አይበይዱ። በውኃና በሳሙና ታጥቦ የደረቀ ብረት ይሻላል።

በጫፉ ላይ የሚገባው ማያያዣ በቡሎንም በብየዳም ይታሰራል። ሁለት ኢንች ኳስ ይምረጡ፤ ኳሱም ማያያዣውም የሚችሉት ክብደት በላያቸው ላይ ተጽፏል፤ ከሁለቱ ደካማው ነው የሚቆጠረው። የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከሞፈሩ ሥር በመስቀል ያሳልፏቸው። ማያያዣው ከኳሱ ቢዘል ሞፈሩ በተሻገሩት ሰንሰለቶች ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት ውስጥ አይተከልም።

ባሌስትራና ጎማ

የፒክአፕ ባሌስትራ የመኪናውን የኋላ ክብደትና ሙሉ ጭነቱን እንዲሸከም የተሠራ ነው። ቀላል ተሳቢ ሥር ሲገባ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ በኮረኮንች መንገድ ላይ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያዘልላል። የእኔ እንቁላል በመጀመሪያው ጉዞ ሳይጠበስ ተመቷል። መፍትሔው ከመደቡ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ቅጠል ማውጣት ነው። ረጅሙን ዋና ቅጠልና ሁለተኛውን አይንኩ፤ ከመካከል ያውጡ። የዩ ቅርጽ ያላቸውን ቡሎኖች አሮጌዎቹን መልሰው አይጠቀሙባቸው፤ አዲስ ይግዙ።

ጎማው ጥርስ ስላለው ብቻ ደኅና ነው አይበሉ። በጎኑ ላይ ባለው የፋብሪካ ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ ጎማው በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ከአጥር ሥር ለዓመታት የቆመ ጎማ በፀሐይ ይሰነጠቃልና ጎኖቹን በጣትዎ ጠምዘዝ አድርገው ይዩ።

መብራቱ

ባለ አራት ሽቦ ጠፍጣፋ መሰኪያ ይበቃል። ነጩ ማሳ ነው፣ ማለትም ከሻንሲው ብረት ጋር የሚታሰረው የመመለሻ ሽቦ፤ ቡናማው የሌሊት መብራት፤ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፤ አረንጓዴው የቀኝ። የሚጎትተው መኪና ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ በተለያየ አምፖል ከሆነ ሁለቱን የሚያዋህድ ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን በመካከል ይገባል። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያደረጉ ሰዎች ባለ ሰባት መሰኪያ ያስፈልጋቸዋል፤ ሰማያዊው ሽቦ የፍሬኑ ነው።

መብራት አልሠራ ሲል አምፖል ለመቀየር አይሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማሳው ነው። ነጩን ሽቦ ቀለሙ እስከ ብሩህ ብረት ድረስ በተፋቀ ቦታ ላይ ይሰሩት፤ ከላዩ ግራሶ ይቀቡት። ፍሬቻ ሲሰጡ ሌላው መብራት አብሮ ደብዘዝ እያለ ከጠቀሰ ማሳው ልቅ መሆኑን እየነገረዎት ነው።

ሚዛኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በሞፈሩ በኩል ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ሲነዳ እንደ ዥዋዥዌ መወዛወዝ ይጀምራል። ከበዛ ደግሞ የሚጎትተው መኪና ኋላ ይሰምጣል፣ ፊቱ ይቀልላል፣ መሪው ይላላል።

በብዙ ፒክአፕ ካሶኒ ላይ የጎማው ጉብታ ከመሃል ወደ ፊት ሸሸት ይላል። ስለዚህ ከአክስሉ በስተኋላ ያለው ቦታ በስተፊት ካለው ይበልጣል። የእርስዎን ይለኩ። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው የሚጭነው ከኋላ መዝጊያው አጠገብ ነው፤ እጁ እዚያ ነው የሚደርሰው። በመጀመሪያው ጉዞአችን እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። የውኃ ጀሪካኖቹ፣ ጄኔሬተሩና ትልቁ ድስት ሁሉ ጫፍ ላይ። ከኬኖሻ ማለፊያ፣ ከ3,048 ሜትር ከፍታ፣ በአውራ ጎዳና 285 ወደ ዴንቨር ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነቴ ጨመር ሲል መሪው በእጄ ውስጥ ቀልሎ ተሰማኝ። በመስታወት ሳይ ተሳቢዋ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ትወዛወዛለች። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የበሩን እጀታ ግን ይዛ ነበር።

እንዲህ ሲሆን ፍሬን በኃይል አይርገጡ፣ ለማስተካከልም መሪ አያማቱ። እግርዎን ከነዳጅ ላይ ቀስ አድርገው ያንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለዎት የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ይንኩ። ከዚያ መንገድ ዳር ቆመው ጭነቱን እንደገና ያስተካክሉ። እኛ ያደረግነውም ይህንኑ ነው።

ለምን እንደሚሆን በቁጥር ላሳይዎት። ከኳሱ እስከ አክስሉ 100 ኢንች ነው እንበል። ሰባት ጋሎን ውኃ 60 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ከአክስሉ 45 ኢንች በስተኋላ ቢያስቀምጡት ከሞፈሩ ላይ 27 ፓውንድ ያነሣል። ያንኑ ጀሪካን ከአክስሉ 35 ኢንች በስተፊት ቢያደርጉት 21 ፓውንድ ይጨምራል። አንድ ጀሪካን ቦታ ሲቀይር የ48 ፓውንድ ልዩነት አመጣ ማለት ነው። ሞፈሩን ማስረዘም ተሳቢውን ያረጋጋዋል እንጂ ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ክብደት አያበዛም። የሚያበዛው የጭነቱ ቦታ ነው።

ለመመዘን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑንና ከእርሱ ጋር እኩል ከፍታ ያለው ጡብ መሬት ላይ በሦስት ጫማ ርቀት ያስቀምጡ፤ በላያቸው ጠንካራ እንጨት ያጋድሙ። እንጨቱ ብቻ ሲሆን ሚዛኑ የሚያነበውን ይጻፉ። የተሳቢውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ይያዙ። ከዚያ የተጫነውን ተሳቢ ሞፈር በእንጨቱ ላይ፣ ከጡቡ አንድ ጫማ፣ ከሚዛኑ ሁለት ጫማ ርቆ ያሳርፉት። ሞፈሩ ሲለካ ተሳቢው በሚጎተትበት ከፍታ ላይ ይሁን። ከሚያነቡት ላይ የእንጨቱን ቀንሰው የቀረውን በሦስት ያባዙ። ጠቅላላውን ክብደት ደግሞ የጭነት መኪናዎች በሚያርፉባቸው ጣቢያዎች ባለው የመኪና ሚዛን ላይ ይወቁ። 1,700 ፓውንድ ከሆነ ሞፈሩ ላይ ከ170 እስከ 255 ይፈልጋሉ። የእኔ በመጀመሪያ 90 ነበር። መለዋወጫ ጎማውን፣ ባትሪውንና የመሣሪያ ሣጥኑን ሻንሲው ትርፍ ላይ ሳሰፍር 200 አለፈ።

አልጋና ወጥ ቤት

ካሶኒውን መልሰው ከማሰርዎ በፊት ሻንሲውን ፍቀው ፀረ-ዝገት ይቀቡ። ከዚያ በአዲስ ቡሎንና ዳዶ ይሰሩት። ካሶኒው ላይ የሚደፋውን የጥላ ክዳን በተመለከተ በየዓይነቱ ያገለገለ የፋይበር ግላስ ክዳን ይሸጣል፤ ከመግዛትዎ በፊት የካሶኒውን ርዝመትና ስፋት ጽፈው ይሂዱ፤ ሁለት ኢንች ያነሰ ክዳን በጥበብ አይሞላም።

መኝታውን ከጎማው ጉብታ በላይ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ፕላይዉድ ያንጥፉት። ከሥሩ ሁለት ረጅም መሳቢያ ይሠራል። አንደኛው ከኋላ የሚሳብ ሲሆን ለቀላል ነገር ብቻ ነው፤ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የፕላስቲክ ሳህን። ውኃው፣ ጋዙና የታሸገው ምግብ ከአክስሉ በስተፊት ይግባ፤ ለዚያ ክፍል በጎን በኩል መክፈቻ ቢኖረው ይሻላል፤ ከኋላ ብቻ ከተከፈተ ሰነፍ ቀን ሁሉም ነገር ጫፍ ላይ ይከማቻል።

የኋላ መዝጊያው ሲወርድ ጥሩ ጠረጴዛ ነው። ነገር ግን ተሳቢው ከመኪናው ከተለየ በኋላ ማንም ሳይደግፈው እዚያ ላይ አይቀመጥ። ክብደቱ ከአክስሉ በስተኋላ ስለሆነ ሞፈሩ ወደ ላይ ይነሣል፣ ጀበናውም እንግዳውም ይንከባለላሉ። በኋለኞቹ ሁለት ጥጎች ላይ የሚወርዱ እግሮች ይግጠሙ፤ ከመፍታትዎ በፊት ይተክሏቸው።

አቧራን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሌሊት አልጋ ውስጥ ሲገባ ነው። በአፈር መንገድ ላይ ከተሳቢው ጀርባ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት አቧራውን በመዝጊያው ስንጥቅ ስቦ ያስገባል። ስንጥቆቹን በጎማ ጥብጣብ ይድፈኑ፤ የክዳኑን የፊት መስኮት ደግሞ ጥቂት ይክፈቱት። ከፊት የሚገባው ነፋስ ውስጡን ስለሚሞላው ከኋላ አቧራ አይገባም። በርበሬውን ግን ለማንኛውም በጠርሙስ ይያዙት።

አሁን ስለ ከሰል በቁም ነገር። ካምፕ ላይ ቡና ሳይፈላ አይመሽም፤ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ሌሊቱም ይበርዳል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ «ምድጃው ሞቅ ያደርገናል» ብሎ ከሰሉን ወደ ክዳኑ ውስጥ ማስገባት ቤተሰብ ይፈጃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰውም አይነቃም። ከሰል፣ የጋዝ ምድጃና ጄኔሬተር ሁልጊዜ ውጪ። ውስጡ በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል፤ ሲተኙም መስኮት ይከፈት። በተጨማሪም በበጋ የእሳት እገዳ ሲታወጅ ከሰል በደን ውስጥ ይከለከላል፤ ጋዙን የሚዘጋ ቫልቭ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን ደን ማስታወቂያ ያንብቡ። በብዙ ብሔራዊ ደኖች ውስጥ እስከ 14 ቀን በነጻ መስፈር ይቻላል፤ ድብ ባለበት ግን የፕላስቲክ ክዳን የወጥ ሽታን እንደማይከላከል ያስታውሱ።

የመጀመሪያው መንገድ

መጀመሪያ ባዶውን፣ በሠፈርዎ መንገድ፣ በዝግታ ይጎትቱት። ወደ ኋላ መንዳትን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይለማመዱ። እጅዎን ከመሪው ታች ይያዙ፤ እጅዎ ወደሚሄድበት ተሳቢው ኋላ ይሄዳል። የቸርኬውን ዳዶዎች በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ይላላል።

እኛ ሁለተኛውን ጉዞ ያደረግነው በመስቀል ሰሞን ነው። በመስከረም መጨረሻ በኬኖሻ ማለፊያ የአስፐን ዛፎች ቅጠል ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ተራራው አደይ አበባ የለበሰ ይመስላል። እዚያ እንደደረስን ፎቶ ከማንሣቴ በፊት ወደ ጎማዎቹ ሄድሁ። ከረጅም ዳገት በኋላ መዳፍዎን ወደ ቸርኬው መሃል ያስጠጉ፤ ካላቃጠለዎት ይንኩት። ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ ከሌላው በጣም የሞቀ፣ ወይም እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም የድሮው ፍሬን ይዞታል ማለት ነውና እስኪታይ ድረስ አይቀጥሉ። የእኔ ግራው ለብ ብሎ ነበር፤ ቀኙም እንዲሁ። ከዚያ የኋላውን መዝጊያ አወረድን፣ እግሮቹን ተከልን፣ ቡናውንም ውጪ ጣድን።